የእማማ ዲናሞና የጥራት ክፍያ

የውሃ ጥራት ባለሙያ ሆኜ ሰቆጣ ስመደብ፣ አንድ ቀን በሰው ግቢ የንብ ቀፎ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ እቆማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቆምኩ። ያውም አንዴ አይደለም። ንብ ሲነድፈኝም «ሥራ ነው» ብዬ ቻልኩት። እናቴ ጎጃም ሆና በስልክ ይህን ስትሰማ፣ «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ውሃ ነው ወይስ ማር?» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በጥሩ ሐሳብ ነው። ጣጣ ሁሉ የሚጀመረው በጥሩ ሐሳብ ነው መሰለኝ።

ዋግ ውስጥ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ብሎ ይቀራል፤ ወንዙም ክረምት ላይ ፎክሮ በጋ ላይ ድንጋዩን ብቻ አሳይቶ ይተኛል። ስለዚህ ሰው መሬት ይቆፍራል። ድሮ በገመድ ነበር የሚቀዳው። አሁን አቅም ያለው ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ የውሃ መሳቢያ ዲናሞ ያስቀምጣል፣ ገበሬውም ማሳው ዳር ሞተር ይተክላል። የሚስበው በየጊዜው ይበዛል። የሚሳበው ውሃ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን የምመረምረው ግን እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የምመረምርበት የለኝም። ቢሯችን ያለው የመመርመሪያ ሣጥን ውስጥ መድኃኒቱ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። በጀት ስንጠይቅ «ለሚቀጥለው ዓመት» እንባላለን። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ እሱም «ለሚቀጥለው ዓመት» ይላል።

አምና ታዲያ ከበላይ አዲስ አሠራር መጣ። የከርሰ ምድር ውሃ በዲናሞ ወይም በሞተር የሚስብ ሁሉ በዓመት አንዴ ትንሽ «የመሳቢያ መብት» ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለሌላ ነገር ሳይነካ የዞኑን ውሃ ለመመርመርና ንጽሕናውን ለመጠበቅ ይውላል። በገመድ የሚቀዳውንና በእጅ ፓምፕ የሚጠቀመውን አይመለከትም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከሚስበው ላይ ትንሽ ቆንጥሮ ለውሃው መልሶ ማዋል ምን ክፋት አለው? ሌሊቱን ሁሉ ስለ አዳዲስ የመመርመሪያ ጠርሙሶች ሳልም አደርኩ። ሌላው ሰው የሚያልመው ስለ ሠርግና ስለ ቤት ነው፤ እኔ ስለ ጠርሙስ።

ስብሰባ ተጠራ፣ አዳራሹም ሞላ። የሆቴሉ ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ላቫጆ ያለው፣ ብሎኬት የሚያመርተው፣ ከደሃና ሞተሩን ትቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ፣ ከአበርገሌ ቆላ የመጡ ሽማግሌ ሁሉም አሉ። ኃላፊያችን ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና «ይህ እንግዲህ የውሃ ጥራት ክፍያ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኛ ቢሮ ውስጥ ጥራት ስንል ባክቴሪያውን፣ ጨውን፣ ከሽንት ቤት የሚሰርገውን ሁሉ ማለታችን ነው። ሰው ግን ጥራት ሲባል የሚሰማው መጥራት ነው። የጠራ ውሃ፣ ያልደፈረሰ፣ ከታች ያለው ጠጠር የሚታይበት። ደግሞስ ቃሉ የማን ነው? የነሱ ነው። እኛ ነን ወስደን ያጣመምነው።

የሆቴሉ ባለቤት ብድግ አለ። «የኔ ውሃ እንደ መስተዋት የጠራ ነው። እኔ ለምን ጥራት እከፍላለሁ? ድፍርስ ያለው ይክፈል!»

ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ድፍርስ ውሃ ያለው ሰው ጠፋ። ሁሉም እየተነሣ በሞቱ አባቱ ይምላል፤ የላቫጆው ባለቤት እንኳ መኪና የሚያጥብበትን ውሃ «ብትፈልጉ ለክርስትና ይሆናል» ብሎ ማለ። የደሃናው ገበሬ ብቻ የኔ ድፍርስ ነው ብሎ አመነ። «ስለዚህ እስኪጠራልኝ ድረስ እናንተ ናችሁ ለኔ የምትከፍሉኝ» አለ። የአበርገሌው ሽማግሌ ደግሞ፣ «የኛ ማይ፣ ያው ውሃው፣ ጨው ነው። ከፍየል በቀር የሚወደው የለም። ፍየሏ ትክፈል?» ብለው ቁጭ አሉ። ከኋላ ላሉት የኃላፊያችንን ንግግር ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና የሚተረጉም ሰው ነበረን። ያን ሁሉ ረጅም ንግግር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰውና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ብሎ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ «ውሃችሁ ስለጠራ ልትቀጡ ነው» ብሏቸው ኖሯል።

አላስቻለኝም፣ ተነሣሁ። «ወገኖቼ፣ ጥራት በዓይን አይታይም» አልኩ።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ቀስ ብሎ ዞረና፣ «እኅቴ፣ በዓይን ለማይታይ ነገር በዓይን የሚታይ ብር ነው የምታስከፍይን?» አለኝ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሰው ሆቴል ምን ያደርግለታል፣ ጠበቃ መሆን ነበረበት።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ከወደ በሩ አንድ ድምፅ መጣ። «እኔ እከፍላለሁ።»

ዞር ብል የማድርበት ቤት ባለቤት፣ እማማ ናቸው።

እማማን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኔም የምኖረው በግቢያቸው ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ነው። የግቢያቸውን ጉድጓድ ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው በዶማና በመሮ የቆፈሩት፣ አንድም ዓመት ነጥፎ አያውቅም። በዚያ በክፉው ጊዜ የከተማው ቧንቧ ደርቆ ሰው በጀሪካን ሲንከራተት፣ እማማ በራቸውን ከፍተው ሰፈሩን ሁሉ ያለ ሳንቲም አጠጥተዋል። «ለነፍሴ ነው» ይላሉ ሲጠየቁ። አሁን ነገሩ ሲረጋጋ ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ውሃ በጀሪካን እየሸጡ ይኖራሉ። ዲናሞውን የገዛችላቸው ዓረብ አገር ያለች አንዲት ልጃቸው ናት።

ልጅቱ ስትደውል ሰላምታዋ «እማ፣ ዲናሞው ይሠራል?» ነው። እማማ ስልኩን ሁልጊዜ ጮክ አድርገው ነው የሚያወሩት፣ ግቢው ሁሉ ይሰማል። መልስ አይሰጧትም። ስልኩን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ይሄዱና ዲናሞው ላይ ያስጠጉላታል። «ስሚው!» ይሏታል። ልጅቱ ዝም ብላ ትሰማለች። በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና ውስጥ ቆማ የገዛችው ሞተር ሲያንጎራጉር ትሰማለች። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር፣ በኋላ ግን ተወኝ።

ልጅቱ ኮንትራቷ ከፋሲካ በፊት ያልቃል። አሠሪዎቿ አድሺ ይሏታል፤ እማማ ነይ ይሏታል። እሷ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፤ «መጥቼ ምን እበላለሁ?» የእማማ መልስ ዲናሞው ነው። «ይሄ ጉድጓድ እኔን አኖረ፣ አንቺን ያቅተዋል?» ይሏታል። ልጃቸው ትመጣለች ወይስ እንደገና ትፈርማለች የሚለው ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ጉድጓድ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ከስብሰባው ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ለምን መጀመሪያ እከፍላለሁ አሉ?»

«አንቺ አይደለሽ የጥራት ነው ያልሽው! ውሃዬ የጠራ መሆኑን መንግሥት ካወቀልኝ ምን አለ ብከፍል? መብትም ይሰጣል ተባለ። መብቴን ይዤ ቁጭ እላለሁ።»

ማስረዳት ነበረብኝ። ግን የሚከፍል ሰው በጠፋበት ቀን የተገኘውን አንድ ከፋይ ማን ያስረዳል! እማማ በማግሥቱ ከፈሉ፤ ከፍለውም ለገበያተኛው፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ ለንስሐ አባታቸው ሁሉ ውሃቸው በመንግሥት ጠራ እንደተባለ አወሩ። ወረፋቸውም ረዘመ።

ሌላው ግን መክፈሉን ተወና መደበቅ ጀመረ። ቆጠራ ስንወጣ በከተማው ዲናሞ የሚባል ነገር የለም። «ዲናሞ? የምን ዲናሞ?» እንባላለን፣ ከጓሮ ደግሞ ሲያጉረመርም ይሰማል። የሆቴሉ ባለቤት ጓሮ ገብቼ «ይሄ ድምፅ ምንድነው?» ብለው፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ «ንብ ነው» አለኝ። እውነትም አዲስ የሣንቃ ቀፎ ቆሟል። ዋግ የማር አገር ነው፣ በየግቢው ቀፎ አለ፣ ማን ይጠረጥራል? ቀረብ ብዬ ጆሮዬን ደቀንኩ። ንቡ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ወጥቶለታል።

«ንቦችህ መብራት ይጠቀማሉ?» አልኩት።

«ዘመናዊ ናቸው» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ወሬው ተዛመተና ከተማው በአንድ ሰሞን ንብ አንቢ ሆነ። እኔም በየግቢው እየዞርኩ ቀፎ ሳዳምጥ ከረምኩ። ይባስ ብሎ የሆቴሉ ባለቤት፣ በንብ መያዙ አንገብግቦት፣ «መጀመሪያ ከፋይ ያላችኋቸው አሮጊት ሁለተኛ ዲናሞ ቀፏቸው ውስጥ ደብቀዋል» ብሎ ጠቆመ። ጥቆማ ከመጣ ማየት ግድ ነው። የእማማ ቀፎ ከቤታቸው ክፈፍ ሥር የተንጠለጠለ፣ በጭቃና በእበት የተመረገ የድሮ ቀፎ ነው። እያፈርኩ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እሱስ እውነተኛ ንብ ነበር፤ ጆሮዬ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ። እማማ የቤቱን ምሰሶ ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። «ክፈል አላልሽውም ንቡን?» አሉኝ።

እንደምንም ብለን የተሰበሰበችው ብር ተሰብስባ አዲሱ መመርመሪያ መጣ። ጠርሙሶቹን ሳይ ልቤ ሞቀ። እማማ ይህን ሲሰሙ ወገባቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። «የከፈለ ይቅደም! መጀመሪያ የኔን መርምሪ። ያ ባለ ሆቴል ይይ።»

ምርመራው ቀላል ነው። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋጀ ዱቄት አለ። ውሃ ይሞላበታል፣ ይከደናል፣ ሙቅ ቦታ ይቀመጣል። ውሃው ውስጥ ከሽንት ቤት የመጣ ቆሻሻ ካለ እየቆየ ይጠቁራል። ከሌለ እንዳለ ይቀራል። ለማነጻጸር ደግሞ ከዚያው ውሃ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን በሌላ ጠርሙስ አደረግሁ። መብራት ጠፍቶ የቢሮው ማሞቂያ ሣጥን ስለማይሠራ፣ ሁለቱንም ጠርሙሶች ወደ ክፍሌ አምጥቼ በጋቢዬ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኋቸው። ያን ሌሊት ብርዱን እኔ ቻልኩት፣ ባክቴሪያው ሞቆት አደረ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ስመለስ እማማ ቀድመውኝ ደጄ ላይ ተቀምጠዋል። «ክፈቺ፣ እንየው» አሉ። ገባን፣ ጋቢውን ገለጥሁት።

የፈላው እንደነበረ ነው። ያልፈላው ጥላሸት መስሏል።

እማማ ጥቁሩን ጠርሙስ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «ምን ጨመርሽበት?»

«ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዱቄት ነው እማማ። ውሃውም ያው የእርስዎ ነው። አንዱን አፍልቼዋለሁ፣ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።»

«ውሃዬ የጠራ ነው!»

«የጠራ ነው። ግን ንጹሕ አይደለም።»

«ታዲያ ጥራት ጥራት ስትይ የከረምሽው ምን ልትይ ነው?» ብለው ጮኹ። ከዚያም በኽምጣና ቀጠሉ፤ እማማ ወደዚያ ቋንቋ የሚሻገሩት ሲናደዱ ነው። አንድ ቃል ባይገባኝም ስድቡ በደንብ ገባኝ። በመጨረሻ በአማርኛ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!» አሉና ወጡ፣ በሩንም ደርግመው ዘጉብኝ። የራሳቸው በር ነው፣ ምን እላለሁ።

ዘንዶው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ የግቢው ሽንት ቤት አለ። የተቆፈረው የኪራይ ክፍሎቹ ሲሠሩ ነው። የሚጠቀሙበትስ እነማን ናቸው? እኔ፣ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ ከኔ በፊት ደግሞ የኛው ቢሮ የውሃ ባለሙያ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰፈርተኛው «ንጽሕና አይጠብቅም» እያልን ስንወቅስ፣ ጉድጓዱን ስንበክል የኖርነው የተማርነው ነን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው።

ውጤቱን ለኃላፊያችን ነገርኩት። የዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ኃላፊ ነው። ግንባሩን አሸ።

«ልታዘጊው ነው?»

«መዘጋት አለበት። ሽንት ቤቱ ይነሣል፣ ጉድጓዱ ይታከማል፣ ቆይቶ እንደገና ይመረመራል።»

«እስኪ ረጋ በይ» አለኝ። «ጉድጓዱ ሲዘጋ ዲናሞው ይቆማል። ዲናሞው ሲቆም ክፍያው ይቆማል። ክፍያው ሲቆም አንቺ በምን ትመረምሪያለሽ?»

«ስለዚህ ውሃ ለመመርመር መጀመሪያ ውሃው ደኅና መሆን አለበት ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«እንደሱ ነው ያልከው!»

«ደግሞ እኮ የመጀመሪያ ከፋያችን ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሳቸው የከፈሉት ውሃቸውን ለማዘጋት ነው ከተባለ ሌላው ይከፍላል? ሁሉም ንብ አንቢ ሆኖ ይቀራል። እስኪ ለጊዜው በቃል ምክር ስጫቸው።» እኔም ተናድጄ ወጣሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ሞኝ አለመሆኑ ነው። የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። የውሃውን ንጽሕና በሚሳበው ላይ ያሰረው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ቋጠሮው ግን እጃችን ላይ ነበር።

ምክር መስጠት አላስፈለገኝም። እማማ እንዳኮረፉኝ ሰነበቱና አንድ ጠዋት ክፍሌን አንኳኩ። ዓይናቸው አብጧል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ያን ጊዜ፣ በክፉው ቀን፣ ሰውን ያጠጣሁት ይሄንኑ ነው? ለነፍሴ ብዬ መርዝ ነው ያጠጣሁት?»

እንባዬ መጣ። «አይደለም እማማ። ያኔ እነዚህ ክፍሎች አልተሠሩም፣ ሽንት ቤቱም አልነበረም። ያኔ ንጹሕ ነበር። ያቆሸሽነው እኛ ነን፣ ተከራዮቹ።»

ትንፋሻቸው ወጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቀጠል አድርገው፣ «እናንተንስ ምን ይበላችሁ!»

የዚያን ዕለት ወረፋው ፊት ቆሙ። ጀሪካን የያዙት ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ግቢውን ሞልተውታል። «ስሙ፣ ይሄ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም» አሉ። ሰው ተያየና ሳቀ። አንዷ ጀሪካኗን ወደ ፀሐይ አንሥታ አሳየች። «እማማ ደግሞ! የጠራ ውሃ ምን ሊፈላ! መንግሥት ራሱ ጠራ ያለውን!»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ያንን ወሬ ያወሩት ራሳቸው ናቸው፤ አሁን በየጀሪካኑ ገብቶ ተመልሶ መጣባቸው። ቆመው ያቺን ሴት፣ ጀርባዋም ላይ የተኛውን ሕፃን አዩ። ከዚያ ሄደው የዲናሞውን ገመድ ነቀሉት። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዚያ ግቢ ሰምቼ አላውቅም።

«ቦኖው ከታች ነው፣ ሂዱ» አሉ። ተቆጧቸው፣ ለመኗቸው፣ አንዳንዱም «ዋጋ ሊጨምሩ ነው» ብሎ አማቸው። አልመለሱም። አመሻሹ ላይ ራሳቸው ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ቦኖው ጋ ተሰለፉ። ያጠጡት ሰፈር ሁሉ ከፊት ይግቡ ቢላቸው እምቢ አሉ።

ቢሮ ግን መጡ። የክፍያው ጊዜ እንደገና ደርሶ ኃላፊያችን «እርስዎ እንኳ አሁን አይመለከትዎትም፣ ስለማይስቡ» ሲላቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«የመሳብ መብት ነው ብላችሁ የለ? መብት ከሆነ የኔ ነው። ብፈልግ እስባለሁ፣ ባልፈልግ አልስብም። አለመሳብም መብቴ ነው። ተቀበለኝ!»

«እማማ፣ ለማይስቡት ለምን ይከፍላሉ?»

«ያንን ባለ ሆቴል እንድትመረምሩት ነዋ! የኔ ብቻ ነው እንዴ የሚጠቁረው? የሱም ይጥቆር!»

ኃላፊያችን ተቀበለ። ለማይሳብ ውሃ የመሳቢያ መብት የተከፈለበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም። የሆቴሉንም ውሃ መረመርነው። ጠቆረ። እማማ ይህን ስነግራቸው እልል ይላሉ ብዬ ነበር፤ አላሉም። «አይ፣ ስንት እንግዳ ጠጣው» ብለው ብቻ አንገታቸውን ደፉ። የሆቴሉ ባለቤት ግን ቀፎውን አነሣ፤ ክፍያውንም አምጥቶ ከፈለ፣ «ካልደፈረሰ አይጠራም» ብሎ እኔኑ ሊመክረኝ እየሞከረ።

ሽንት ቤቱን አፈረስነው። አዲሱን ከግቢው በታች፣ ከጉድጓዱ ራቅ አድርገን ተከራዮቹ አዋጥተን አስቆፈርን። ጉድጓዱም ታከመ፤ እንደገና ብመረምረው ግን አሁንም ጠቆረ። መሬቱ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም። «መቼ ይነጻል?» ይሉኛል እማማ በየቀኑ። «ይነጻል» እላለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነበር።

በዚህ መሃል ልጅቱ ስትደውል ዲናሞውን ማሰማት ቀረ። «መብራት ጠፋ» አሏት አንድ ቀን። «ተማሪ ተኝቶ እንዳልረብሽ» አሏት ሌላ ቀን። ሰበቡ እያለቀባቸው ሲሄድ ይታየኛል። የገቢያቸው ነገር ተበላሽቶ ከኪራይ በቀር ምንም እንደሌላቸው ብትሰማ፣ እንደምትፈርም እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

እሑድ ነበር። እማማ ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ እያገዝኳቸው ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ነገ ፈርሚ እያሉኝ ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ዲናሞው ይሠራል?»

እማማ አዩኝ። እኔ፣ የመንግሥት ባለሙያዋ፣ ምስሩ ውስጥ ጠጠር መፈለግ ጀመርኩ። ተነሡ። ስልኩን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ ስል፣ አለፉት። ወደ ክፈፉ ሄዱና ስልኩን ከቀፎው ላይ አስጠጉት።

«ስሚው» አሏት።

ልጅቱ ዝም ብላ ሰማች፣ ረጅም ጊዜ ሰማች። «ይሠራል» አለች መጨረሻ ላይ። «ግን ድምፁ ተለወጠብኝ እማ። ቀጠን አለ፣ ጠራ።»

«አይጠራ ታዲያ!» አሉ እማማ። «ጥራት ከፍለንበት የለ!»

«እንግዲያ አልፈርምም» አለች ልጅቱ። እያለቀሰች ነበር። «እማ፣ ላፍታ እንደዚያው ያዢልኝ፣ ልስማው።»

አንዲት ንብ የእጃቸው አንጓ ላይ አርፋ ስትነድፋቸው አየሁ። እማማ ስልኩን ከቀፎው አላራቁም።